ተጠቃሚ ማለት

አንድ የታክሲ መጥሪያ አፕ ድርጅት የተከሰሰው ሌሎቹን የታክሲ መጥሪያ አፖች ሁሉ ከገበያ አስወጥቶ ተጠቃሚውን ጎድቷል ተብሎ ነበር።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቃሉ ራሱ ይመስክር። ተጠቃሚ ማለት የተጠቀመ ነው። የተጠቀመ ሰው ተጎዳ ይባላል እንዴ?»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። አፑ የተዘጋበት ከሳሽ፣ አንድ ወጣት፣ አንገቱን ደፋ። ጠበቃውን በገዛ ቀልዱ ሐፍረት ያዘው፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

ጠበቃው ሲወጣ ዶፍ ይወርዳል። መኪናም ጥላም አልያዘም። የቀረው መጥሪያ የዚያው ድርጅት አፕ ብቻ ነው፤ እሱም በዝናቡ አሳብቦ ዋጋውን ሰቅሎታል። እየመረረው ተጫነው።

መኪና መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ያው ከሳሹ ነው።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ» አለው በሩን ከውስጥ እየከፈተለት፤ «ተጠቃሚ ዝናብ ላይ ይቆማል እንዴ?»