ውሃ ያጣ ሰው ወንበር

ልጆቼ፣ በዚያ ዘመን ሕጉ አጭር ነበር፤ ችግሩ ያለበት ሰው አብሮ ካልተቀመጠ ምክር ቤቱ አይወስንም። ችግሩ የለቀቀው ዕለት ደግሞ ሰውየው ወንበሩን ይለቃል። እማማ ደጊቱ ውሃ ያጡትን ወክለው ከተቀመጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛው ሽመክት ከደጃፋቸው ቆመ።

«እማማ፣ መስመርዎ ደርሷል። ልክፈተው?»

«ከከፈትከውማ ቆጣሪው ወዲያው ለምክር ቤቱ ይናገርብኛል። የላይ ሰፈር ውሃ የሚወሰነው ሐሙስ ነው። እኔ ከተነሣሁ ሌላ ሰው እስኪመረጥ ዓመት ይፈጃል።»

«የገደል ሰፈር ውሃ ሊወሰን ሲልም እንዲሁ ብለው መልሰውኛል እኮ!»

«ታዲያ ገደል ሰፈር አሁን ይጠጣ የለ?»

ባለቤታቸው ጋሽ ይርዳው ከአልጋቸው ሳል አሉ። ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ገላቸውን የሚታጠቡት በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በአንድ ጆግ ውሃ ነው።

«ደጊቱ» አሉ፣ «እኔስ የየትኛው ሰፈር ሰው ነኝ?»

እማማ ደጊቱ ሽመክትን «ሌላ ጊዜ ና፣ ልጄ» ብለው ሸኙት። ከዚያም ጄሪካናቸውን አዝለው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ቅዳሜ ባይሆንም ጋሽ ይርዳውን ሊያጥቡ።