ጊታሩ የሚያድርበት ቤት

በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሳላንኳኳ እገባለሁ። ሁለቱም አላዩኝም። ልጄ ፅዮን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች፤ ሉጥፊያ አንገቱን ደግፋ ይዛላታለች። አሮጌውን ክር አውጥተው አዲስ እያስገቡ ነው። ሉጥፊያ በዓረብኛ የሆነ ነገር ትላለች፤ ልጄ ትስቃለች። እኛ ቤት እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» እላለሁ።

«ምንም አይደል እማዬ። በአማርኛ አያስቅም።»

ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከጀሪፍ እስከዚህ አርካዊት ድረስ በሃፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ቆሜ ነው የመጣሁት፤ መንገዱን ሁሉ የማስበው አላጣሁም። አንድ ቀን ከዚህ ስትመለስ ፖሊስ አስቁሞ የመኖሪያ ወረቀት ቢጠይቃትስ? ጊታሩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካበት ነው፤ አንድ ቀን ይነዝራታል። «ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ናት እማዬ፣ ሰው አትገድልም» ብላኛለች። ባትሪም የሚፈነዳበት ቀን አለው።

ሉጥፊያ የወሎ ልጅ ናት። ካርቱም የመጣችው እንደ ብዙዎቹ ሰው ቤት ልትሠራ ነው፤ በኋላ ሠርግ ቤት ጊታር የሚጫወት ሱዳናዊ አገባች። ሰውየው ሲሞት ይህ ቤትና ጊታር የሚለየው ጆሮው ቀሩላት። ልጅ የላትም። ይህንን በየቀኑ አስበዋለሁ።

ጊታሩን ኦምዱርማን ሄደው የመረጡት እነሱ ናቸው። እኔ የሰው መጋረጃ ስሰፋ ነበር። ፅዮን ስትመለስ አፏ አላርፍ አለ፤ ሉጥፊያ አሥራ አንድ ጊታር እያንኳኳች አይሆኑም አለች፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍሯ እየዳሰሰች «ይሄ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ይሄም ኮምፔንሳቶ ነው» ስትል ባለሱቁ ተቆጣ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ እስከ ጠርዙ ውስጥ ሲወርድ አገኘችው። አንድ ወጥ እንጨት። ልጄ የምታወራልኝ እኔን እያየች አልነበረም።

አንድ ወጥ እንጨት ግን በካርቱም ደረቅ አየር ይሰነጠቃል አሉ። ስለዚህ ጊታሩ የሚያድረው እዚህ ነው። የሉጥፊያ መስኮት ላይ የተገጠመው ሙከይፍ ውሃ በሚንጠባጠብበት ገለባ ውስጥ አየር እየሳበ ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ያረጥበዋል። እኛ ቤት ያለው የጣሪያ ማራገቢያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጊታሩ እዚህ አደረ። ቀጥሎ ልጄ እዚህ መዋል ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን አደረች።

«ዛሬ ወደ ቤት እንወስደዋለን» እላለሁ።

ፅዮን ቀና ትላለች። ሳትናገር በፊት ከቦርሳዬ የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ አወጣለሁ። በጋለ መርፌ ቀዳድቼዋለሁ፤ ውስጡ ስፖንጅ ከትቻለሁ። «እንጨቱ እንዳይደርቅ ይሄን አርጥቤ ሳጥኑ ውስጥ አደርግለታለሁ። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ሰው ጠይቄ ነው የሠራሁት።»

ሉጥፊያ ተቀብላኝ ወደ ብርሃኑ ታነሳዋለች። እስክትስቅብኝ እጠብቃለሁ።

«ማሻአላህ» ትላለች። «ቀዳዳው እኩል ነው። እኔ በሚስማር ስሞክር ስንጥቅጥቁን ነው ያወጣሁት።»

ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አይበቃም እማዬ።» ፅዮን ከጊታሩ ሳጥን ውስጥ ክብ ነገር ታወጣለች፤ የአየር እርጥበት መለኪያ ነው። «ይኸው፣ እዚህ አርባ አምስት ነው። እኛ ቤት አሥራ ስድስት።»

«እኛ ቤት መቼ ለካሽ?»

«ረቡዕ። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬው ነበር። አንቺ ሰዓት መስሎሽ አቧራውን ጠረግሽለት።»

«ቤታችንን ለክተሽ ለሰው ተናገርሽ?»

«ለሰው አልተናገርኩም። ለሉጥፊያ ነው።»



«ተይ አንቺ» ትላታለች ሉጥፊያ። «እናትሽ ናት። ክሩን ላላ አድርጊና አስገቢው፣ ያላ።» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ብርቅነሽ፣ ፀሐይ ላይ እንዳታስቆሙት። ሃፍላው ውስጥም ሞተሩ አጠገብ አይሁን። ቢሰነጠቅም አትደንግጪ፤ የሚያጣብቅ ሰው አውቃለሁ።»

«ይሰነጠቃል ማለትሽ ነው?»

«ኢንሻአላህ አይሰነጠቅም።»

«የሰውን ልጅ ለራስ ማስለመድ ላንቺ ቀላል ነው» እላለሁ። ከአፌ ሲወጣ እሰማዋለሁ።

ሉጥፊያ የጊታሩን ጀርባ በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ እጇ አይቆምም። «ቀላል አይደለም» ትላለች። «ተመልሳ ትሄዳለቻ።»

ፅዮን ክሮቹን አንድ በአንድ ታላላለች። ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ታስተኛና የሳሙና ማስቀመጫዬን ከአንገቱ ሥር ትሸጉጣለች፤ መለኪያውን ግን ለሉጥፊያ ትመልሳለች። ቤታችን ስንት እንደሆነ ደግማ ማየት አትፈልግም። ሳጥኑን ጀርባዋ ላይ አዝላ በሩ ጋ ትቆማለች። አሸንፌያለሁ።

«ውሃ ሳትጠጪ አትሄጂም» ብላ ሉጥፊያ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ለትሕትና ያህል ሙከይፉ ፊት ካለው አልጋ ጠርዝ እቀመጣለሁ። ነፋሱ አንገቴ ላይ ያርፋል፤ የራሰ ገለባ ይሸታል። ትከሻዬ ይወርዳል። እስካሁን ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደነበር አላውቅም ነበር። በዚህ አገር ስንት ዓመቴ ነው? ሰውነቴ እንዲህ በርዶ የሚያውቅበትን ቀን ፈልጌ አጣለሁ።

«እማዬ፣ ያላ፣ ሃፍላው ያመልጠናል።»

«እሺ።»

በሩ ተከፍቷል፤ የውጪው ሙቀት ከኋላዋ ቆሟል። ግንባሯ ላይ ላብ ማቸፍቸፍ ጀምሯል።

«እማዬ።»

«መጣሁ» እላለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ወደ ነፋሱ አዘነብላለሁ።