ነዋሪ፦ አንድ

ሲፈንን ክረምት በመጣ ቁጥር መገጣጠሚያዎቿ ያሰቃዩዋታል። ከባሏ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ወለል ላይ ነው የሚኖሩት። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው እርጥበት ያዝላል፤ እሷም ጠዋት ኩባያ ለማንሳት ሁለት እጇን ትጠቀማለች።

ባሏ ኤልያቄም መሐንዲስ ነው። የበጋውን የፀሐይ ሙቀት በውሃ ቱቦ ምድር ውስጥ አስገብቶ፣ አፈሩ ውስጥ አቆይቶ፣ በክረምት ወደ ቤት መመለስ ይቻል እንደሆነ በኮምፒውተር ማስላት ጀመረ። የግቢውን አፈር በትንንሹ ከፋፍሎ፣ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ ያያል። ውጤቱ ሁሌም ያው ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛው አፈር ራሱ ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ ቤቱ በደንብ የሚሞቀው በሦስተኛው ክረምት ነው።

«ምን አለበት፤ አብረን እንጠብቃለን» አለችው።

እሱ ስሌቱን እንደገና አስጀመረው።

በዚያ ሰሞን ስልክ ሲደወልለት ወደ ደረጃው እየወጣ ማውራት አመጣ። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ «ደሚቱ» የሚል ስም አየች።

«ማናት?»

«ለሥራ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ይሄዳል፤ ሲመለስ እራት አይበላም። ከሳ፤ ቀበቶውንም አጠበቀ። ሲፈን ለማን ሊያምር እንደፈለገ ገባት።

የግቢው ኮሚቴ ፈቅዶ ቱቦዎቹ ሲቀበሩ፣ ውሃውን መክፈትና መዝጋት ያስተምራት ጀመር።

«አንተ አለህ አይደል እንዴ?»

«አንቺ ብትለምጂው ይሻላል።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ወጣ። የሰው ገላም ቤት ስለሚያሞቅ ስሌቱ ውስጥ የነዋሪው ብዛት ይገባል፤ ይህን የነገራት እሱ ራሱ ነው። ከመጪው ክረምት ጀምሮ የሞላው «አንድ» ብሎ ነበር።

ሲመለስ ቆማ ጠበቀችው።

«ልትሄድ ነው?»

«አዎ» አላት።

«ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«ቤቱ እስኪሞቅልሽ ብዬ ነው።»

«ለእሷ አሙቅላት።»

ኤልያቄም ቀና ብሎ አያት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እህቷ ኮከቤ ቤት ገባች። ይደውላል፤ አታነሳም። ጥሪው ሲቋረጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ነሐሴ ሲጋመስ መደወሉን ተወ።

«ጭራሽ ረሳኝ» አለች።

ኮከቤ ጋቢ ደረበችላት።

አንድ ዝናባማ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ጃንጥላ የያዘች ሴት ቆማለች።

«ወይዘሮ ሲፈን? ደሚቱ እባላለሁ።»

ሲፈን በሩን ልትዘጋባት ገፋችው። ሴትየዋ በእጇ ያዘችው።

«የኤልያቄም ሐኪም ነኝ፤ ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ሰዓት የለውም።»