ጨጓራው የት ገባ

ማቺንዳ ምግብ ቤት ስትገባ ወንበር ይጠረግላታል። ዱዋላ ከተማ ውስጥ የእሷን ምላስ የማይፈራ ባለ ምግብ ቤት ጥቂት ነው። የዕቁቧ ሴቶች ባሚሌኬዎች ናቸው፤ በየወሩ የአንድ ሌላ ብሔር ምግብ ቤት ይመርጡና አብረው ይበላሉ። ሲጨርሱ ማቺንዳ ትፈርዳለች። «ጥሩ ነው» ካለች በማግስቱ መቀመጫ አይገኝም። «አይረባም» ካለች ዝንብ ብቻ ይቀራል።

የዚህን ወር ቤት ራሷ መረጠች፤ የንጎ ሊኬንግን። ንጎ ሊኬንግ ባሏ የሞተባት የባሳ ብሔር ሴት ናት፤ ቆንጆ ናት። ጥቁሩ የዶሮ ወጧ በቅርቡ ስም አውጥቷል።

ለምን እንደመረጠችው የምታውቀው ጎረቤቷና የዕቁብ ጓደኛዋ ኦዴት ብቻ ነበረች። ወሬውን ያመጣችውም እሷው ናት።

«ባልሽን አየሁት» ብላት ነበር፣ ልብስ እያሰጡ። «ንጎ ሊኬንግ ቤት፣ በጓሮ በር ሲገባ።»

«ተሳስተሽ ይሆናል።»

«ዋፎን? ያንን ረጅም አንገት? ደግሞ አንዴ ቢሆን ዝም እልሽ ነበር።»

ማቺንዳ የያዘችውን ልብስ አጥብቃ ጨመቀችው። እውነትም ባሏ ዋፎ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ተለውጧል። የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነው፤ ድሮ ሲመጣ ፀጉሩ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ይገኝ ነበር። አሁን ፀጉሩ ንጹሕ ነው። ጭስና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እጁ ላይ የተቃጠለ ቦታ አይታ ስትጠይቀው «ማሽኑ ነው» አላት። እራት ስታቀርብለት ትንሽ ይቀምስና «ዝንጅብሉ በዝቷል» ይላል። ከተጋቡ ጀምሮ የዝንጅብል ስም አንስቶ አያውቅም።

አንድ የበዓል ዕለት የዶሮውን ጨጓራ እንደ ወጉ ለእሱ አወጣችለት። ጨጓራው የአባወራው ነው፤ ይህን ዱዋላ ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። ዋፎ ግን ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገና «አንቺ ብዪው» አላት። ሌላ ቤት በልቶ ጠግቧል ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ከሁሉ የከፋው ጥቅሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዞላት ይመጣል። «ላንቺ ነው» ይላታል፣ ዓይኗን ሳያይ። ማቺንዳ የዚያችን ሴት ትራፊ ልትበላ አይደለም። ሳትፈታው በአጥር ላይ ለኦዴት ውሻ ትወረውረዋለች።

አንድ ቀን ዋፎ ውሻውን ትኩር ብሎ አየና «ይሄ ደግሞ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የወፈረው?» አለ።

«የሰው ትራፊ» አለችው።

ዋፎ ዓይኑን ከውሻው ወደ አጥሩ መለሰ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሴቶቹ ተሰብስበው ወደ ንጎ ሊኬንግ ቤት ሄዱ። መንገድ ላይ ሥራ ካጣ ወዲህ ብስኩት እየጠበሰ የሚሸጠውን ጎረቤታቸውን አገኙት። ማቺንዳ እንደ ልማዷ «አንቺ» ብላ ሳትተርበው አላለፈችም።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመቤት? ሽርጡ አምሮብሻል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ይህ ቀልዷ ሰፈሩን ሁሉ ያስቃል። ዋፎ ብቻ ነው ሲሰማው የማይስቅ።

ንጎ ሊኬንግ በር ላይ ተቀበለቻቸው። «ግቡ እህቶቼ፣ ቤቱ የእናንተ ነው።» ማቺንዳ የሴትየዋን እጆች አየች። ጥፍሮቿ ረዣዥም፣ ቀያይ ናቸው፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። በእነዚህ ነው ባሌን የያዘችው፣ ብላ አሰበች።

አንድ ሙሉ ዶሮ አዘዙ። ወጡ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ከካሳቫና ከተጠበሰ ሙዝ ጋር ቀረበ። ማቺንዳ ቀመሰች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ቅመሙ ተቃጥሏል፣ ግን አልመረረም። ዝንጅብሉ አለ፣ ግን አይታወቅም። ሳታስበው ደገመች። ሠለሰች።

እንዲህ የምታበስል ሴት ባል ለመቀማት ምን ይቸግራታል? እራት አብስላ ባሏን የጠበቀችባቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አንድ ሳህን ፊት ከንቱ መሰሏት።

ወጡን በማንኪያ አገላበጠችው። ክንፉ አለ። ጭኑ አለ። አንገቱም አለ።

«ጨጓራው የት ገባ?» አለች።

ሴቶቹ መብላት አቆሙ። ንጎ ሊኬንግ ወደ ማድ ቤቱ መጋረጃ ዞር ብላ ፈገግ አለች። «ይቅርታ እህቴ። የቅዳሜ ጨጓራ አይሸጥም፤ የሚሄድበት አለው።»

«ባልሽ የሞተ መስሎኝ።»

«ሞቷል፣ ነፍሱን ይማርና።»

«ታዲያ ማን ነው የሚበላው?»

«እሱን ከእኔ አትስሚም። የሰው ጉዳይ ነው።»

ኦዴት በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። አያስፈልግም ነበር። ማቺንዳ እጇን ጠረገችና ተነሣች። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ያሉትም ዞረው አዩዋት፤ ብዙዎቹ ያውቋታል።

«ፍርዴን ልስጥ» አለች፣ ማድ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ይህን ወጥ እኔ ለውሻ እንኳ አልሰጠውም።»

አንድ ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ። ሌላው ሳህኑን ገፋ አደረገ። የንጎ ሊኬንግ ፈገግታ ጠፋ። ማቺንዳ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል አላት።

መጋረጃው ተገለጠ። ዋፎ ሽርጡን እንዳሰረ፣ ወጡን ያማሰለበትን ጭልፋ እንደያዘ ወጣና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለች ነገር ፊቷ አስቀምጦ ፈታት። ጨጓራው ገና ይጨስ ነበር።

«የኦዴት ውሻ ግን ወፍሮበታል» አላት።