የምድር ማህፀን

ሮዜት ናምፒማ ስለ ራሷ ሥራ ማውራት ከጀመረች አፏ ጤፍ ይቆላል። የዚያን ቀንም ካምፓላ ኮረብታ ላይ ባለው አዳራሽ፣ ወይን በያዙ እንግዶች ፊት ቆማ ታንበለብለው ነበር።

«ሥራዬ ገና በማደግ ላይ ነው» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ድሮ በቀለም ብቻ ነበር የምሠራው። አሁን የዛፉ ልጥ፣ ዛጎሉ፣ የመዳብ ሽቦው፣ የሴቶች ሻሽ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይናገራሉ። የሙቱባን ዛፍ ትልጡታላችሁ፤ ቁስሉን በሙዝ ቅጠል ትሸፍኑለታላችሁ፤ ከርሞ መልሶ ልጥ ያወጣል። ሴት ማለት እንግዲህ ይቺ ናት!»

አጨበጨቡላት። ዛፉን የሚልጡት፣ ቁስሉን የሚሸፍኑት፣ ልጡን በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጠው ጨርቅ የሚያደርጉት ገጠር ያሉት አባቷ መሆናቸውን አላነሳችም። ምን ሊረባ! ዛፍ መደብደብ ደግሞ ጥበብ ሆኖ ነው?

«የኛ ሰው ይሄን ጨርቅ የሚያውቀው ለሬሳ መጠቅለያ ነው» ብላ አፍንጫዋን ነፋች። «ሕይወት የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ከሥራዎቿ ሁሉ ትልቁ «የምድር ማህፀን» ይባላል፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ጨርቁን ያገኘችው ባለፈው ገና አባቷ ቤት ለግማሽ ቀን ብቅ ያለች ጊዜ፣ ከአልጋቸው ሥር ካለ ሳጥን ውስጥ ነው። እንደሱ ስስና ልስልስ ያለ አይታ አታውቅም። «ይሄማ ብርሃን ይየው!» ብላ መኪናዋ ውስጥ ስትወረውረው፣ አባቷ ባዶውን ሳጥን ከደኑና «እሺ፣ ጉልበት ከሰጠኝ ሌላ እቀጠቅጣለሁ» አሉ።

ዛሬ ከናይሮቢ አንድ ትልቅ ሰው ሊያየው ይመጣል። እሱ ከወደደላት ስሟ ድንበር ተሻገረ ማለት ነው፤ ካልወደደ ደግሞ እዚሁ ከነዚህ ወይን ጠጪዎች ጋር ማርጀቷ ነው። ሌላ ነገር አይታያትም።

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነዘረ። የማታውቀው ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ ብሏታል። ዶሪን ትሆናለች እንጂ ሌላ ማን ይሆናል! ዶሪን አብራት የተማረች፣ የሮዜትን የዛጎል አሰፋፍ ቀድታ «የኔ ነው» ያለች ዓይን አውጣ ናት። አምናም ሰው ልካ ሥራዋን ፎቶ አስነስታባታለች። ስልኩን ጨርሶ ዘጋችው።

አንዲት ሴትዮ የገቡት ያኔ ነው። ትከሻው የቆመ ያረጀ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በሰፊ መቀነት ታጥቀዋል፤ ጫማቸው ቀይ አቧራ ጠጥቷል። ወይኑን ሳያዩ፣ ሰዉን ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው «የምድር ማህፀን» ሥር ቆሙ። ጫፉን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። አሸተቱት። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው ርዝመቱን ይለኩ ጀመር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ሮዜት እንግዶቹን እየገፋች ደረሰች። ለታላቅ ሴት ተንበርክኮ ሰላምታ መስጠት የአገሩ ወግ ነበር፤ ግን የጫማዋ ተረከዝ ረጅም ነው።

«እማማ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!»

«ልጄ፣ ወጣ እንበልና አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«ምንም አይንገሩኝ። ማን እንደላከዎት፣ ለምን እንደመጡም አውቃለሁ።»

ሴትዮዋ ክው አሉ። «ታውቂያለሽ? አውቀሽ ነው እዚህ የቆምሽው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ቤቴ ተቀምጬ ላልቅስላችሁ?»

ሴትዮዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ሲገቡ ፊታቸው ላይ የነበረው ርኅራኄ ጠፋ።

«ዛጎሉ ይፈታል?»

«ምን አሉ?»

«ሽቦውና ዛጎሉ ነዋ። እኛ ጨርቁን ብቻ ነው የምንፈልገው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከአስር ሰዓት በፊት መድረስ አለብን።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በብርጭቆው ሸፈነ። ሴትዮዋ ከመቀነታቸው የተቋጠረ መሃረብ አውጥተው ፈቱት፤ ውስጡ የተጨማደዱ ትናንሽ የሽልንግ ኖቶች ናቸው። «ጎረቤቱ ያዋጣው ነው» አሉ።

ሮዜት አሁንስ ሳቋ መጣ። «መዋጮም ሰበሰባችሁ? እቴ! በዚህች የዛጎሉ ክር እንኳ አይገዛም። ይሄ ጥበብ ነው፣ እማማ፤ ሶፋ ላይ የሚነጠፍ መሰለዎት? አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይፈታም! ለላኩዎት ይንገሩልኝ።»

«ቁርጥሽን ነው?»

«ቁርጤን ነው!»

የናይሮቢው ሰው በር ላይ ብቅ አለ። ሮዜት ቀሚሷን አስተካክላ፣ ፈገግታዋን አዘጋጅታ ዞረች። ሴትዮዋ ከኋላዋ መሃረቡን መልሰው ቋጠሩት።

«እሺ ልጄ፣ እንግዲያው አባትሽን በአንሶላ ጠቅልለን እንቀብራቸዋለን።»