ጣሪያ ላይ የማይወረወሩ ጥርሶች

የጥርስ ሐኪሙ የሶልያናን አራት ጥርሶች ነቅሎ ብልቃጥ ውስጥ ሲያሽግ እናቷ ወይንሸት እጇን ዘረጋች።

«ጣሪያ ላይ እንድትወረውራቸው ነው። የወተት ጥርሶቿንም እንዲያ ነበር የምናደርገው።»

«የኢንሹራንሱ ናቸው» አላት ሐኪሙ። «ነቀላውን የሚሸፍነው ጥርሶቹን ከወሰደ ብቻ ነው። ፈርመዋል እኮ።»

አዎ፣ ፈርማለች። የተነቀለ ጥርስ ምን ይሠራላቸዋል ብላ ነው። ቦታ ካልተለቀቀ የጥርስ ማስተካከያው ሽቦ አይታሰርም፤ ሽቦው ደግሞ በሳምንቱ ይታሰራል ተብላለች።

በሳምንቱ ሽንኩርት እያቁላላች ሳለ ከኢንሹራንሱ ስልኳ ላይ መልእክት ገባላት።

«የነቀላው ወጪ ተሸፍኗል። የሽቦው ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ሕክምናው ሁለት ዓመት ይፈጃል። በጥርሶቹ ምርመራ መሠረት የልጅዎ ቀሪ ዕድሜ ለዚህ አይበቃም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሽንኩርቱ ማረር ጀመረ።

ሶልያና ከመስታወቱ ፊት ከንፈሯን ገልጣ ክፍተቶቹን በምላሷ እየነካካች ነበር። «እማ፣ የሽቦው ላስቲክ በቀለም ይመረጣል አሉ። ሰማያዊ ይሻላል ሮዝ?»

«ሰማያዊ» አለች ወይንሸት፣ ስልኩን በጨርቅ ሸፍና።

ወዲያው ታናሽ ልጇ፣ የስድስት ዓመቷ ብጽአት፣ እየሮጠች ገባች። መዳፏ ላይ አንድ የወተት ጥርስ አለ።

«እማ፣ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ልወርውረው?»

«ተይው። ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም።»

ጥርሱን ከልጅቷ መዳፍ አንስታ ሙቀጫ ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ዱቄት እስኪሆን ድረስ ወቀጠችው።