የጋኑ ሙቀት

ሐረግ ጠላ መጥመቅ አታውቅም። ደሴ ያደገች የነጋዴ ልጅ ናት፤ ስትጠጣ እንጂ ስትጠነስስ ማን አይቷት! የባሏ የፈንታሁን የማርያም ማኅበር ተራ ሲቃረብ ነው እንግዲህ ጉዷ የፈላው። የመጀመሪያው ጥንስስ የመካነ ሰላም ብርድ ይዞት ዝም አለ። ሁለተኛውን ምድጃ ሥር ብትደቅነው እሳቱ ፈጀው፤ ኮመጠጠ።

«ለማኅበርተኛው ኮምጣጤ ልቅዳለት?» አላት ፈንታሁን።

«አንተ ሳቅ! ደጋችሁ ነው የፈረደብኝ።»

ሳቁም ከአንገት በላይ ነበር። ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው፤ አብሮ ያመሸ ሰው ሲነጋ የማይገኝበት። ፈንታሁን ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋል፣ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ መለሰ። እናታቸው በክፉው ቀን፣ በረሃቡ፣ ስትሞት የልጁን እጅ በእጁ አስይዛው ነው ያረፈችው። አሁን ያ ልጅ ተማሪ ሆኖ፣ ደርግን ከሚቃወሙት ጋር ገብቶ ይፈለጋል። በወግዲ በኩል ወርዶ ዓባይን ተሻግሯል ብሎ አንድ ነጋዴ ነግሮኛል ብላዋለች ሐረግ። ፈንታሁን ማታ ማታ የሚጸልየው አንድ ጸሎት ነው፤ ብቻ እንዳይመለስ።

ታዲያ በዚህ መሐል እትዬ እታገኘሁ ጠላ ሊያስተምሩ ቤቱ ገቡ። ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው ምናለ ግን አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃ አንግቦ የሰው በር የሚደበድብ።

«ጠላ ማለት አራስ ናት» አሉ ጓዳውን ከዳር እስከ ዳር እያዩ። «ብርድም ይገድላታል፣ እሳትም ይገድላታል። ጋኑን ከምድጃው አርቂው። ይኸ የእህል ጉድጓድ ከክፉው ቀን ወዲህ ባዶውን አይደል? አፉ ላይ አስቀምጪው፤ የመሬት ትንፋሽ ይሞቃል። ዙሪያውን ጭድ፣ ማታ ማታ ጋቢ። ሆዱን በመዳፍሽ ዳብሽው፤ ለብ ካለ ተይው፣ ከፋጀሽ ጭዱን አሳሺ። ጥንስሱ ሲነሣ ብቅልና ቂጣ፣ ቀጥሎ እንኩሮ። ችኮላ የለም።» ከዚያ ወደ ፈንታሁን ዞሩ። «እስኪበስል ደግሞ ወንድ ጓዳ አይግባ። ዓይን ይወድቅበታል።»

ፈንታሁን የገዛ ጓዳው ተከለከለ። ጋቢውም ወደ ጋኑ ሄደ።

«እኔ በብርድ ልሙት፣ ጋኑ ይሙቀው?»

«ለማርያም ስትል ቻለው» አለች ሐረግ።

እትዬ እታገኘሁ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ሆዱን ይዳብሳሉ። ሲገቡ ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አለ፤ ሲወጡ የለም። ጠላውም ዛሬ ደረሰ ነገ ደረሰ ሲባል ድፍድፍ ሆኖ ቀረ። መሶቡ ቶሎ ይጎድላል፤ ሐረግ አሮጊቷን እያበላች ነው አለ ፈንታሁን በሆዱ። አንድ ቀን በመጋረጃው አጮልቆ ቢያይ ጋቢው ጋኑ ላይ የለም። ኧረ ጉድ! ጋቢዬንም ወሰዱት ማለት ነው?

ሌላ ቀን እትዬ እታገኘሁ ደጃፉ ላይ አገኙት።

«ፈንታሁን፣ ስለ ወንድምህ የሚጠይቅህ ሰው አለ እንዴ?»

ላብ አጠመቀው። «ማንም የለም፣ እትዬ።»

«አብሽር፣ ልጄ። ይኸ ፊትህ ግን ነገር አይችልም። ያሰብከውን ሁሉ አደባባይ ያወጣዋል።»

ይኸ ማስፈራሪያ ካልሆነ ምን ይሆናል? ለሐረግ ቢነግራት «በሞቴ፣ እትዬን ተዋቸው!» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። መተት አድርገውባታል አለ በሆዱ።

በዚያው ሳምንት ከገበያው አንድ የጨው ነጋዴ ተያዘ። ከጆንያው ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተባለ። ራሳቸው አስቀምጠው ራሳቸው አገኙት እያለ ሰው በሹክሹክታ አወራ። ፈንታሁን ይህን ሲሰማ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ነጠላ ሥር የሚገባው ነገር ገባው። እሱስ ይሙት፤ ሞት ለማን ይቀራል! ግን ገርፈው መለሰ ዓባይን መሻገሩን ቢያናግሩትስ? ልጁን ተከትለው ቢሄዱበትስ? እናቱ ያስያዘችው እጅ ትዝ አለው። ቀድሞ የደረሰ ከሳሽ፣ የዘገየ ተከሳሽ በሆነበት ዘመን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ተነሥቶ ቀበሌ ሄደ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የለሁበትም» አለ። «እትዬ እታገኘሁ ጓዳዬ ውስጥ አንድ ነገር እየደበቁ ነው። ጋኑ ሥር ፈልጉ።»

ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ። «የምናለ እናት? እስቲ ራሱ ምናለ ይፈልግልን።»

ጠዋት ነበር። ሊቀ መንበሩ፣ ምናለና ፈንታሁን ሲገቡ አሮጊቷ መዳፋቸውን ጋኑ ላይ አድርገው ቆመዋል። ሐረግ ዘላ በሩ ላይ ተገተረች።

«አይነካም! ገና አልበሰለም!»

«ምናለ» አሉ እትዬ እታገኘሁ ልጃቸውን። «ባጠባሁህ ጡት ይዤሃለሁ፣ ይህን ጋን አትንካ።»

ምናለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንሣ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሐረግ ወደ ባሏ ዞረች። «ማን ነው የነገራቸው?»

ፈንታሁን ዓይኑን ወደ ጋኑ አዞረ። ፊቱን ግን አየችው፤ መሬት ተቀመጠች።

ጋኑ ተገፍቶ ተንከባለለ። ድፍድፉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ምናለ ጭዱን በእግሩ ገለጠ፣ የጉድጓዱን ክዳን አነሣ። ፈንታሁን የተደበቀ ሽጉጥ ወይ ወረቀት ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነህ?» አለ መለሰ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገልጦ።